አትንኩት

እኔ ሚዛን ያዥ ነኝ፣ ባሕር ዳር፣ ከወደቡ፣
በታንኳም በሞተርም ዓሣ ሲያስገቡ
ቀረሶና አምባዛን ለየብቻ ሰቅዬ
ኪሎውን እጽፋለሁ፣ የውሃውን አጉድዬ።
አንድ አጥማጅ ብቻ አለ መዝገቤ ያልያዘው፣
ያጠመደውን እዚያው በቁሙ የሚውጠው።
ስሙን ብጠይቃቸው አንዱ «የውሃ ቁራ»፣
ሌላው «ያ ጥቁር ሌባ! ስሙን ለምን ልጥራ?»

ጥቁር ነው ከሩቁ፤ ስትቀርበው ግን ጀርባው
የተወለወለ ናስ፣ አረንጓዴ ጠርዝ ያለው፤
ደረቱ ነጭ፣ ወተት የተደፋበት፣
ዓይኑ የጠርሙስ ስባሪ፣ ፀሐይ የገባበት፤
ምንቃሩ ከጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ ቆልመም፣
ቀጥቃጭ ግን አልሠራውም፣ ዝገትም አያውቅም።

ሲጠልቅ ድምፅ የለውም። ክንፉን ከጎኑ ሰፍቶ፣
አራት ጣቱን በቆዳ እንደ መቅዘፊያ ዘርግቶ
ይሰወራል። እቆጥራለሁ፦ አሥር፣ ሃያ፣
ሠላሳ... ብቅ ይላል ከእምቦጩ ወዲያ።
ቀረሶዋ በአግድሙ ከአፉ ትንፈራገጣለች፣
ወርወር ያደርጋታል፤ በራሷ ዞራ ትመጣለች፤
(የጀርባዋ እሾህ እንዳይወጋው ነው ብልሃቱ)
አንገቱ አበጥ ይላል፤ አለቀ፣ ያው፣ ሥርዓቱ።

ከዚያ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ክንፉን ይዘረጋል።
ዳክዬን ውሃ አይዘልቃትም፤ እሱ ግን ይበሰብሳል።
አንድ ኮት ያለው ሰው ታጥቦ እስኪደርቅለት
ከሚስማር ሰቅሎ አጠገቡ ቁጭ እንደሚልበት፣
እሱም እንዲያ ነው፤ ግን ራሱ ሚስማር፣ ራሱ ኮት።

ዓባይ ከጣና ሲወጣ፣ ከደሴቷ ፊት ለፊት፣
አንድ ዋርካ ነበር፣ ሠላሳ ጎጆ ያለበት፤
ጭራሮ፣ የደንገል ቅጠል፣ የተጣለ መረብ ቁራጭ፣
በኩስ የተለሰነ፣ ከሩቅ ሲያዩት ኖራ፣ ነጭ።
እንቁላሉ ሰማያዊ፣ ኖራ የነካው መሳይ፤
እሷም እሱም በተራ፣ በእግራቸው ቆዳ ላይ
ታቅፈው ያሞቁታል።
ጫጩቱ ዕርቃኑን ነው፣ ዓይኑ ገና ያልተገለጠ፤
ሲርበው ታየዋለህ በእናቱ ጉሮሮ እስከ ትከሻው የሰመጠ፣
ከጥልቅ ሳጥን ልብስ እንደሚፈልግ ሰው።

አንድ ክረምት ዓሣው ሸሸ፤ መረብ ባዶውን ወጣ፣
ሚዛኔ ሥራ ፈታ፤ ማኅበሩም ተቆጣ።
እምቦጩን ያነሣ የለም፣ ደለሉን ያነሣ የለም፤
ጥፋቱ ከኛ ይሆን ብሎ የጠየቀ የለም።
የመረቡን ዓይን ያጠበበ ሁሉ ተነሥቶ ቆመና
«የወፉ ጉሮሮ ሰፍቷል» አለ፤ ተጨበጨበና
ዋርካው ይቆረጥ ተባለ። ምሳሩን የሚይዝ ማን ነው?
ክንደ ብርቱው ቀዛፊ፣ ሙሉ ስሙ አትንኩት አንማው።

ከላይ ሠላሳው ጎጆ እንደ ከርከሮ አጉረመረመ፣
እሱ መዳፉ ላይ እትፍ ብሎ ምሳሩን አንሥቶ ቆመ፤
ያኔ ከደንገሉ መሐል፣ ሰው ከማይታይበት፣
ድምፅ ብቻ መጣ፦ «አትንኩት! ኧረ አትንኩት!»

ሰው ሁሉ ደነገጠ። ያማተበ አለ፤ ባርኔጣ ያወለቀ።
ምሳሩ አየር ላይ ቀረ፤ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ወደቀ።

ዘቢደር ነበረች፣ ሚስቱ፤ ታንኳ ላይ፣ ምሳ ቋጥራ፣
ሽሮው እንዳይቀዘቅዝ ባሏን በስሙ ስትጠራ።
ድምፅዋን አውቀዋለሁ። «ሰውየውን ነው» ብል ኖሮ
ዋርካው ዕለቱን ይተኛ ነበር፣ ጎጆውም ተሰባብሮ።
አልተናገርኩም። ሃያ ዓመት ሚዛን ስይዝ፣ ባሕር ዳር፣
ያጭበረበርኩ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ሳልናገር።

ዋርካውስ? በሦስተኛው ዓመት ደረቀ፤ ማንም ሳይነካው፤
የወፎቹ የራሳቸው ኩስ ነው ሥሩን ያቃጠለው።
ትተውት ሄዱ፤ ዘጌ ማዶ ሌላ ዛፍ አነጡ፣
የአትንኩት ልጆች ግንዱን ፈልጠው ለማገዶ ሸጡ።

ዛሬ ጧት ድንጋዩ ላይ ያው ኮቱን ሰቅሎ አየሁት።
ደብተሬን ገለጥኩ፣ ቀኑን በሰማያዊ ጻፍኩት፤
«አጥማጅ» ከሚለው ሥር፦ የውሃ ቁራ።
«ኪሎ» ከሚለው ሥር ባዶ ተውኩ።
ንፋስ ነበር፤ ደብተሩን ዘጋሁት።